ጭስ የወጣበት ባዶ መንደር

ውድ እኅቴ እታለም ስንቅነሽ፣

ናፍቆት ያዘለው ሰላምታዬ ባለሽበት በጤና ያግኝሽ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ድረስስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጅሽ ሲሲስ አማርኛውን ጨርሳ ረሳችው ወይስ ትንሽ ትንሽ ትሞክራለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በቅሎዋም ሥራ አላጣችም።

እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብለው ድምፅ ከሰጡ ወዲህ አብረውሽ አትክልት የሚያሽጉት የላትቪያ ሰዎች ፊታቸው እንደ ጠቆረ ጽፈሽልኛል። እኛንስ ነገ ምን ይሉን ይሆን፣ ልመለስ ወይስ ልቆይ ብለሽም ጠይቀሽኛል። መልሱን ያዘገየሁት በመሃሉ አንድ ነገር ስለ ገጠመን ነው።

እንደምታውቂው ከተራራው ፓርክ ተነሥተን ደባርቅ ዳር ከሰፈርን ወዲህ ከጨነቅ ካምፕ ማዶ ያለው መንደራችን ባዶውን ቀርቷል። አባባ አዲሱን ቤት አልወደዱትም። በጥቅምት ዳባት አክስታችን ዘንድ ልሰንብት ብለው ወጡ፤ እኛም አመንናቸው። በዚያው ሰሞን ኢልዜ የምትባል ሸምገል ያለች የላትቪያ ሴት ተራራውን ልታይ መጣች። ቋንቋ የሚያውቀው አስጎብኚ የሺዋስ ይመራታል፣ እኔ ጓዟን በበቅሎዬ ጭኜ እከተላለሁ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ቆምን። ከባዶው መንደር ጭስ ይወጣል። ከአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከእነ ማዕረግም፣ ከእነ ያርጋልም ጣራ ይወጣል። ውሻ አይጮኽ፣ ሰው አይጣራ። በቅሎዋ ጆሮዋን ቀስራ አልሄድም አለች። የሺዋስ አማተበ። ሴትዮዋ ግን እንደ ለመደችው ሰፈር ቀድማን ገብታ በየደጁ ማንኳኳት ጀመረች። በየምድጃው እሳት ይነድዳል፤ አጠገቡ ማንም የለም። የጎረቤታችንን የሀብተ ሚካኤልን በር ስታንኳኳ ከውስጥ «ይግቡ» የሚል ድምፅ መጣ። ገፍቼ ገባሁ። አባባ ነበሩ።

ጎረቤቶቹ ሲመለሱ ቤቱ እንዳይበርዳቸው ነው አሉኝ። ለካስ ዳባት ሳይሆን እዚህ ሰንብተው፣ ጠዋት ጠዋት በየቤቱ እሳት እያነደዱ፣ ከሌለ ሰው ጋር ሲያወሩ ኖረዋል።

የሺዋስ ይህን ሲተረጉምላት ኢልዜ አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። በየሺዋስ አፍ የነገረችን ይህን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 አገሯ ኅብረቱ ውስጥ ስትገባ በመንደሯ ደወል ተደውሎ ተጨፍሮ ነበር። ድንበሩ ሲከፈት ጎረምሶቹ ሄዱ፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ለአያት እየተዉ ተከተሉ። ተማሪ ሲጠፋ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ አውቶቡሱም ቀረ። የቀሩት ሽማግሌዎች መንግሥት ረሳን ብለው በቁጣ የሚናገረውን ሁሉ መምረጥ ያዙ። ልጇ የሄደበት የእንግሊዝ አገር ሰው ደግሞ መጤ በዛብን ብሎ በቁጣ መረጠ። የልጇ ቤት ግን ዛሬም እንደ ተዘጋ ነው።

አባባ ሰምተው ሲጨርሱ «ማን አባረራችሁ?» አሏት።

«ማንም። በሩን ከፈቱልን፤ እኛው ወጣን» አለች።

«እኛስ ተነሡ ተብለን ነው» አሉ አባባ። «ለቤቱ ግን ያው ነው።»

በበቅሎዋ አስቀምጠናቸው ወረድን፤ ኢልዜ ጎን ለጎን ትሄዳለች። መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው ኢልዜን አዩዋትና «ስንቅነሽ» አሏት። ደግመውም ጠሯት። የሺዋስ የልጃቸው ስም እንደ ሆነ ነገራት። እሷም በእናንተ አገር ሰው ሲጠራ ምን ይላል ብላ ጠየቀችውና «አቤት» አለቻቸው። እስከ ታች ድረስ የልጅነትሽን ነገር ሲያወሩላት፣ አንዲት ቃል ሳይገባት አቤት፣ አቤት ትላለች። ከኋላ ሆኜ እሰማለሁ፤ ላስቆማቸውም አልቻልሁ።

አሁን ደኅና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ወደ ላይም ልሂድ አይሉም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ስንቅነሽ መቼ ነው የምትመጣው ማለቱን ትተዋል። ሰው ስላንቺ ቢያነሣባቸው «መጥታ አየችኝ፤ ሄደች» ይላሉ። እታለም፣ የመንግሥታቱን ነገር እኔ አላውቀውም። ለጥቂት ቀን ቢሆንም ግን ነይ።

ድረስን በእኔ ስም እቀፊልኝ፤ ሲሲን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ አመተ ማርያም በጣም ናፍቀሽኛል ትልሻለች፤ የሺዋስም እጅ ይነሣል። አባባን ለስንቅነሽ ደብዳቤ ልጽፍላት ነውና ምን ሰላምታ ላድርስልዎ ብላቸው፣ «ምን ሰላምታ ያሻል፤ ተሰናብተን የለም ወይ?» አሉኝ።

ወንድምሽ ምሥጋናው ቢራራ
ደባርቅ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.