ከሕይወት ታሪክህ የዘለልኩት ጌም ቤት

ተሼ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩ አልነግርህም። ታውቀኛለህ፤ የተማሪ ድርሰት ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ስፈርድ ማንም አይችለኝም፣ የራሴ ሲሆን ግን የመጀመሪያዋ መስመር ላይ እቀራለሁ። ዛሬ እንደምንም እጨርሰዋለሁ፤ ሳልነግርህ የቆየሁት ነገር አለ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ በልተሻል ወይ ብላ ነው፤ ከማን እንደወረሰችው ግልጽ ነው። የኩሽናው ጣሪያ ማፍሰሱን አቁሟል። አንተ አምስት ክረምት ሙሉ ነገ እሠራዋለሁ ያልከውን ጣሪያ አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ጨርሶት ሄደ፤ ይሄን ስትሰማ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ጌም ቤትህ አሁን የሴቶች ፀጉር ቤት ሆኗል። ሦስቱ ቴሌቪዥኖች የነበሩበት ግድግዳ ላይ ትልልቅ መስታወት ተሰቅሏል። በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እየወረድኩ በጀርባ በኩል እዞራለሁ። ሰፈሩ ሐዘን ነው ይላል። ሐዘኑስ አለ፣ የሚያዞረኝ ግን እፍረት ነው።

የቀብርህ ዕለት ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ወረቀት ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ፣ የሕይወት ታሪክህን ሊጽፍ። የት እንደተወለድክ፣ የእናት የአባትህን ስም፣ የት እንደተማርክ ጻፈ። ሥራውን ምን እንበል አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ለእነሱ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ባሌ ኤሌክትሮኒክስ ይነግዳል ስል ነው የኖርኩት። መምህራን ክፍል ውስጥ የጌም ቤት ነገር በተነሳ ቁጥር፣ ልጆቻችንን ያበላሹ እነሱ ናቸው ሲባል፣ እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። እናም ለወንድሜ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ በለው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጻፈው።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሲነበብ ልጆችህ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው ነበር። ልጆችህ የምለው ጌም ቤት ያሳደግሃቸውን ነው፤ ዛሬ ጢም ያወጡ፣ የወለዱም አሉባቸው። ሃያ ያህል ይሆናሉ። አንባቢው በንግድ ሥራ ተሰማርቶ ቤተሰቡን ሲያስተዳድር ቆይቶ አለና ወደ ባለቤቱና ወደ ልጁ ተሻገረ። ስለ እነሱ አንዲት ቃል የለም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ፤ ለቅሶው እውነት ነበር፣ ግማሹ ግን እነሱን ላለማየት ነው።

ባለፈው ወር ራሔል እኛ ቤት መጣች። ከወንዶቹ መሃል ተቀምጣ የምትጫወተው ያቺ ብቸኛ ሴት ልጅ፣ እኔም ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት። አሁን የጥርስ ሐኪም ሆናለች፤ ብታያት አታውቃትም። ያ ጨዋታ እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጣ አለችኝ። የትኛው አልኳት፣ እያወቅሁት። ያ ጋሻ የያዘ ወታደር ጭጋግ የዋጠው ግንብ ውስጥ የሚገባበት፣ ሰው ሁሉ እየሞተ የሚመለስበት፣ አንተ ድልድዩን ለማለፍ ብቻ አንድ ክረምት የፈጀህበት። ድሮ አንተ በነበረህ አሮጌ ማሽን የሚሠራውን፣ ለአዲሱ ማሽን ከመሠረቱ እንደገና ሠርተውታል። እሁድ ከሰዓት እኔ ቤት ተሰብስበን ልንጫወተው ነው፣ እርስዎ ካልመጡ ግን አንጀምረውም አለች። ምን ፊት አለኝና እሄዳለሁ እያልኩ በአፌ እሺ አልኳት።

አስኮ ነው ቤቷ። ስገባ ስምንት ሆነው ከመቀመጫቸው ተነሱልኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከመጋረጃው አጠገብ አንድ ጥግ ያዝኩ። ጨዋታው ሲከፈት ግን እኔም እንኳ፣ ጌም ቤትህ በር ላይ ቆሜ ወደ ቤት ና እያልኩ ስጨቀጭቅህ በጨረፍታ ብቻ ያየሁት ሴት፣ አወቅሁት። ድሮ አራት ማዕዘን ሳጥን ይመስል የነበረው ወታደር አሁን ሽፋሽፍት አለው። ዝናቡ ጋሻው ላይ ሲወርድ ይታያል። አንደኛው ልጅ አስረዳኝ፤ ለካ ድሮ ያ ሁሉ ጭጋግ የነበረው አሮጌው ማሽን ሩቁን መሳል ስለማይችል ኖሯል። አዲሱ ሁሉንም መሳል ይችላል፣ ግን ጨዋታውን የሚወዱት እንዳይቆጡ ጭጋጉን ሆን ብለው ተውት አለኝ። አስቸጋሪነቱንም አልቀነሱለትም። እናንተ ዘበኛው እያላችሁ የምትጠሩት ድልድይ ጠባቂ ሁሉንም በየተራ ገደላቸው። የቤትህ ሕግ አሁንም ይሠራል፤ የሞተ መጫወቻውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ዘበኛው ጋ እንኳ ሳልደርስ ገደል ገባሁ። ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም ቅር አሰኛቸው። አዲሱ ማሽን ፈጣን ነው፤ ሞተህ ትንፋሽ ሳትሰበስብ ወታደሩ ተነስቶ ቆሟል። አሮጌው እንዲያ አልነበረም አሉኝ። ስትሞት ቴሌቪዥኑ ይጨልማል፣ ጨዋታው እስኪመለስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ለካ አንተ የምትጠይቃቸው በዚያ መሃል ነበር። ፈተና እንዴት ነበር፣ ምሳ በላህ፣ አባትህን ተሻላቸው እያልክ። ራሔል እናቷ የታመመች ጊዜ ትምህርት ልታቆም ማሰቧን የነገረችህ እንዲያ ስትጠብቅ እንደሆነ ነገረችን። ፊት ለፊት ተቀምጬ ቢሆን ለማንም አልናገርም ነበር፣ ሁለታችንም ጨለማውን እያየን ስለነበር ቀለለኝ አለች። በማግስቱ እናቷ ጋ ሄደህ ተነጋገርክ፤ ልጅቷም ትምህርቷን ቀጠለች። በዚያው ዓመት እኔ በየቀኑ ክፍል ውስጥ አያት ነበር፣ ተሼ። ደካማ ናት ብዬ ውጤት መስጫው ላይ ጽፌባታለሁ።

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። የሕይወት ታሪኩን እንዲያ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ጌም ቤቱንም እናንተንም የዘለልኩት ከባልደረቦቼ አፍሬ ነው፣ ይቅርታችሁን እፈልጋለሁ አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

ማንም አልተቆጣም። ራሔል እናውቃለን አለችኝ። ለካ አንተ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር፣ ስለ መጫወቻው ሕግ ከመንገርህ በፊት፣ ሌላ ሕግ ትነግራቸው ኖሯል። ትምህርት ቤት ስታገኟት የኔ ሚስት መሆኗን እንዳታነሱ፣ ከሰው ጋር ካያችኋት ዝም ብላችሁ እለፉ፣ አስተማሪ ናት፣ እንዳታሳፍሯት። ቀብርህ ላይ ከኋላ የቆሙትም ማንም ቁሙ ብሏቸው አይደለም። እኔን እንዳያሳፍሩ ነው።

ያኔ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ታክሲ ስጠብቅ አንተ የተጠገነ ቴሌቪዥን ተሸክመህ በፊት ለፊታችን መጣህ። ዓይን ለዓይን የተጋጨን መሰለኝ። አንተ ግን ፊትህን ወደ ሱቁ አዙረህ አለፍክ። ማታ ቤት ስትገባ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ በልተሻል ወይ ብቻ አልከኝ። አላየኝም ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ተሼ። ይሄን ሁሉ ጊዜ መጻፍ ያቃተኝ እሱን ነው።

ሰኞ በሻይ ሰዓት አንድ መምህር ሦስት ተማሪዎች ከክፍል ጠፍተው ጌም ቤት ተያዙ እያለ እሳት ጎርሶ ገባ። ወቀሳው ተጀመረ፤ ባለ ጌም ቤቶቹ አልቀሩ፣ ወላጆቹ አልቀሩ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና ባሌ ጌም ቤት ነበረው አልኩ። ኮልፌ፣ አሥራ አራት ዓመት። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ አያስገባም ነበር አልኩ። አንዷ ባልሽ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ አልነበር እንዴ ስትለኝ፣ ዋሽቼሽ ነው አልኳት። ከዚያ ደወል ተደወለና ወደየክፍላችን ሄድን።

በዚህ እንዳትኮራብኝ። አንተ ሳትሰማ ማለቱ ቀላል ነው። መባል የነበረበት ጦር ኃይሎች ላይ ነበር፣ ያ ቴሌቪዥን ከብዶህ ላብህ እየወረደ ሳለ፣ ቀርቤ በአንድ በኩል ይዤልህ ለሁለቱ ሴቶች ባሌ ነው ማለት ነበረብኝ። እሱን አሁን ከየትም አላመጣውም፤ እስክከተልህ ድረስ ይዤው እኖራለሁ።

እኔ የምችለውን ግን ቃል እገባልሃለሁ። ልጆችህን መንገድ ላይ ሳገኝ፣ ከማንም ጋር ብሆን፣ እያለፉኝም ቢሆን፣ በስማቸው ጠርቼ አቆማቸዋለሁ። እነማን ናቸው ለሚለኝ ባሌ ጌም ቤቱ ውስጥ ያሳደጋቸው ናቸው እላለሁ። አንተን የማስብህ እንዲህ ነው፣ ሰው እየሰማ።

ሚስትህ አልማዝ