ሽማግሌ የሌለው ባለ ባርኔጣ

ረቡዕ

ደወለ። ከአርባ ቀን በኋላ! «የእንፍራንዙ ጉድጓድ አለቀ፤ ውሃው ወጣ» አለኝ፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳይል። ታደለ እንዲህ ነው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ከመቆፈሪያዋ መኪና ጋር ከአገር አገር ይዞራል። አራት ዓመት ሙሉ መጥቶ ሲሄድ አይቼዋለሁ። አሁንም ባሕር ዳር የሚቆየው እስከ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ወደ ቦረና ትነሳለች።

ስልኩን ያነሳሁት የምሠራበት ኮሌጅ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። ከዘጋሁ በኋላ አንዱን ብርጭቆ ሁለቴ አጠብሁት። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ መሆን ያሳፍራል። ግን ስልኩን ሳልዘጋ ቆርጬ ነገርሁት። «ወይ ሽማግሌ ላክ፣ ወይ ሁለተኛ እንዳትደውል።»

«እሺ» አለ። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ

ጉድ! ራሱ መጣ። ብቻውን!

አባዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና «አባቴ፣ ልጅዎን ላገባ ፈልጌ ነው የመጣሁ» አላቸው። እኔ መስኮቱ ጥግ ሆኜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ለራሱ ሚስት ራሱ የሚጠይቅ ሰው የት አገር ነው ያለ? አባዬ እንዳልሰማ ሆኑ። «ውሃው ስንት ሜትር ላይ ተገኘ?» ብለው ጠየቁት። ስለ ውሃ አወሩ፣ ስለ ድንጋይ አወሩ፣ ሸኙት።

ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሯል። «ሰው የለውም? ከሰማይ ነው የወረደው?» አሉኝ።

እኒሁ አባዬ ናቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የካውቦይ ፊልም ላይ ብቸኛው ባለ ባርኔጣ የሰው በር ሲያንኳኳ «ወንድ ማለት ይህ ነው!» የሚሉት። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያቸው አይቻለሁ። ማንም የማያውቀው ሰው ከአቧራ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ግፈኛውን ይቀጣል፤ ምስጋና ሳይቀበል ይሄዳል። ታደለንም የወደድሁት በዚያ ዓይን ነው። እዚህ ደብተር ላይ ከዋሸሁ የት እውነት ልናገር ነው።

ዓርብ

«ሽማግሌ ከየት ላምጣ?» አለኝ በስልክ። መቀለዱ አልነበረም። አብረን ቆጠርን፦

አባቱ፦ የሉም።
ያሳደጉት አክስቱ፦ አርፈዋል።
ጎረቤት፦ ድንኳን ውስጥ የሚኖር ሰው ምን ጎረቤት አለው!
የሥራ ባልደረቦቹ፦ ሁሉም ልጆች። ትልቁ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።

እኛ ሰፈር ሦስት ሽማግሌ ለማግኘት በር ከፍቶ መጣራት ይበቃል። የፊልሙ ጀግናስ ቢሆን ማንን ይልክ ነበር? ፈረሱን? ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ። «በቃ ተወው» ልለው ነበር። «እስከ እሑድ» ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ

እንደ ልማዳችን ከሰዓት ፊልም አየን። አባዬ ሰውየው ፈረሱ ላይ ሲወጣ ሁልጊዜ «አለቀ» ብለው ይነሳሉ። ዛሬ አልተነሱም። እኔም ገና ዛሬ አየኋት፤ ደጃፍ ላይ የቀረችውን ሴት። መጥረጊያ ይዛለች። አንድ ጊዜ አሳይተዋት ካሜራው ፈረሱን ተከትሎ ሄደ። በማግስቱስ ምን ሆነች? ማን ግድ አለው።

«አባዬ፣ ይህን ፊልም ለምን እንዲህ ወደዱት?» አልኋቸው።

«ሠላሳ ዓመት በአንድ የፋብሪካ በር ገብቼ ወጣሁ፣ ልጄ። ሳልመለስ ልሂድ ያላልሁበት ቀን የለም።»

«ታዲያ ለምን ቀሩ?»

«እናትሽ ደጃፍ ላይ ትጠብቀኝ ነበራ።»

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

የምፈራው እንዳይቀር ብቻ አይደለም። መጥቶ ቢቀመጥስ? እኔ የለመድሁት መምጣቱን መናፈቅና ጀርባውን አይቶ ማልቀስ ነው። በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ ካልሲው ጠፍቶት ሲነጫነጭ፣ ያኔም እወደው ይሆን?

እሑድ

መጡ! ሦስት ናቸው። አንዱ ከእንፍራንዝ፣ አንዱ ከወንዛዬ፣ ሦስተኛው ከሐይቁ ዳር፣ ታንኳ ሠሪ ሐጂ ናቸው። ታደለ ለየመንደራቸው ውሃ ያወጣላቸው ሰዎች። እርስ በርስ የተዋወቁት እኛ በር ላይ ነው! የእንፍራንዙ ሽማግሌ መንገድ እንዳይዘጋባቸው ፈርተው ትናንት ገብተው አድረዋል።

«ተቀመጡ» አሉ አባዬ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። ይህንስ ሳይመካከሩ ያውቁታል። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

ተያዩ። የአባቱን ስም የሚያውቅ ጠፋ። እኔ ጓዳ ሆኜ አለቀልኝ አልሁ።

የእንፍራንዙ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታዬ፣ አባቱን አናውቅም። ሁለት ጊዜ ቆፍሮ ድንጋይ ሆነበት። ሌሎቹ ውሃ የለም ብለው ጓዛቸውን ሲሸክፉ እሱ አልሄድም አለ። ሦስተኛው ላይ ወጣ። የምናውቀው ይህን ነው።»

አባዬ ግን ቀጠሉ። «ውሃ እስኪወጣስ ይቆያል። ከወጣ በኋላስ?»

አባዬ መልስ ሳይጠብቁ «የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። «እሱ ግን እስከዚያ ከከተማው አይውጣ።»

ያኔ ተቀመጡ።

ሁለት ሳምንት! መኪናዋ የምትነሳው ነገ ነው። ታደለ እዚህ ከአምስት ቀን በላይ ቆይቶ አያውቅም። አልደወለም። እኔም አልደውልም።

ሰኞ

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ አባዬ ቀድመውኝ በረንዳው ላይ ቆመዋል። መኪናዋ በደጃችን አለፈች። ጋቢናው ውስጥ ያ ባርኔጣ ነበር።

ለመግባት ዞርሁ።

«ቆይ» አሉ አባዬ።

አቧራው ሲበርድ ታደለ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ ራሱን ገልጦ፣ ሻንጣውን ይዞ። ባርኔጣውን ለሾፌሩ ሰጥቶታል። ያለ እሱ አጠር ያለ ነው፤ ፀጉሩም ከፊት ሳስቷል። አራት ዓመት ሙሉ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

«ይህ ሰው አሁንም ምን ይገትረዋል? ቀጠሮው ገና ነው!» ብለው ጮሁ አባዬ። ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

ታደለ እጅ ነሣና ወደ ግሽ አባይ ሰፈር ሄደ፤ የሚከራይ ክፍል ሊፈልግ። ጀርባውን አየሁ፤ አላለቀስሁም። ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። ነገ ማክሰኞ ነው።