የኋላው በርና ዘጠነኛው ረድፍ

ለተከበሩ የኮንሰርት አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ አዳራሹ የኋላ በር የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ መቀርቀሪያው የማይነቃነቅ ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስት ጎልማሶች ኮሪደር ውስጥ መቅረታቸውን በታላቅ ሐዘን አሳውቃለሁ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ትሮምቦን እነፋለሁ።

ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርበው ኮንቸርቶ ለአምስት የነሐስ መሣሪያ ነፊዎችና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ነው። ደራሲዋን ጆሯቸው እየከዳቸው ስለሆነ ቫዮሊኑን የሚሰሙት በዓይናቸው ነው፤ ነሐስ ግን አጠገባቸው ሲነፋ ዛሬም ይሰማቸዋል። ሐኪማቸው ይህም ቢሆን እስከ ክረምት ነው ብሏቸዋል። ስለዚህ ኦርኬስትራው ከጀመረ በኋላ እኛ በኋላው በር ገብተን፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ዘጠነኛው ረድፍ አጠገብ ቆመን እንድንነፋ አድርገው ጻፉት። ቅሬታዬም እነሆ፦

፩. በመጨረሻው ልምምድ ላይ ጠባቂዎ፣ ዝግጅት ከተጀመረ በኋላ የመጣ አይገባም በሚለው ደንብዎ መሠረት በሩን ከውስጥ ሊቀረቅርብን ሆነ። የመጣነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ብንለው፣ ታዲያ ስድስት ሰዓት ሙሉ ውጪ ምን ትሠሩ ነበር ብሎ ገሥጾን ቀረቀረው። እንዲህ ያለ የሒሳብ ሰው ስለቀጠሩልን እናመሰግናለን።

፪. ለቢሮዎ አመለከትን፤ መልሱ በዚያው ቀን መድረሱ አስደንቆናል። ቀድመን ገብተን እንድንቀመጥና መግባቱን በሐሳብ እንድናደርገው ተመከርን። ከክረምት ወዲያ ሙዚቃን በሐሳብ ብቻ ለሚሰሙ ሴት ይህ ምክር ትንሽ ቸኩሏል። በሩን ማስከፈት የሚችሉት እርስዎ ብቻ መሆንዎም በማኅተም ተረጋግጦልናል።

፫. በሩ እንደተቀረቀረ ትራምፔት ነፊያችን ድርሻዋን በቁልፍ ቀዳዳው ነፋች። ደራሲዋ አንገታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ ልምምዱ አለቀ። ወጥተው ሲያገኙን፣ ልጆቼ፣ ነፋችሁ እንዴ ብለው ጠየቁን። ቱባ ነፊያችን፣ ከቱባ በፊት አናጢ የነበረው፣ ፊቱን አዙሮ በሩን ሲዳብስ ቆየ።

ደጅ መጥናት ያስተማሩኝ የቀድሞ አለቆቼ ሁሉ ቢያንስ ደጃቸው ይከፈት ነበርና፣ ትምህርቴን ላሟሉልኝ ለእርስዎ ከኮሪደሩ ነፋስ ጋር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ትሮምቦን ነፊው፣ ከበሩ ወዲህ

ማስታወሻ፦ በተራ ቁጥር ሁለት ላይ በሩን ማስከፈት የሚችሉት «እርስዎ ብቻ» እንደሆኑ የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። የማጠፊያዎቹ ብሎኖች በሙሉ በኮሪደሩ በኩል መሆናቸው በባለሙያ ስለተጣራ፣ «እርስዎ ወይም አንድ ካቻቢቴ» ተብሎ ይታረም።