ሐሙስ ስለሚቀመጡ ሰዎች

ለክቡር ዶክተር ታፊሬኒካ ሙግዋዲ፣
የሙጎሬ ወረዳ የማኅበራዊ ልማትና የምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም የእኛን አቧራ ችሎ ለሚመላለሰው ነጭ መኪናዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የጎሳዎ ምልክት ዝሆን መሆኑን ስለማውቅ፣ እንደ ወጋችን ጉልበቴን አጥፌና እጄን አጨብጭቤ «ሳማኛንጋ» በሚለው የጎሳ ስምዎ እጅ እነሣለሁ። ዝሆን ማሳ ሲገባ ቆርቆሮ እየደበደቡ ማባረርም ወጋችን ነው፤ ይህን ግን ለጊዜው አላነሣም።

እኔ ሬቫይ ቺሱንጎ እባላለሁ፤ የቺፔዛ መንደር ነዋሪና የዙንዴ ጎተራ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ዙንዴ ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ቢሆንም፣ ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለሌላው አንባቢ ስል ልናገር። ዙንዴ በባላባቱ ስም የሚጠራ፣ መንደሩ በሙሉ በደቦ የሚያርሰው ሜዳ ነው። የሚዘራበት ማሽላና ዳጉሳ ወደ ጎተራው ይገባል፤ ከጎተራው ደግሞ ለሙት ልጅ፣ ለባልቴትና ለበሽተኛ ይሰፈራል። ዝናብ በከዳን ዓመታት የመንግሥት እርዳታ እስኪደርስ ያቆየን ይኸው ጎተራ ነው፤ እርዳታው ሳይደርስ በቀረባቸው ዓመታትም ጎተራው አልቀረብንም።

ጽሕፈት ቤትዎ በሽቦ አጥሮ «የሥራ ባህልና የምግብ ዋስትና ማሠልጠኛ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ የተከለው እንግዲህ እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ሰሌዳው በጣም ያምራል። ቅሬታዬን ግን በቁጥር ላቅርብ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ያለው ነገር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ የላኩልን ባለሙያ ትጉህ ወጣት ናቸው። ችግሩ የመጡት ሐሙስ ቀን መሆኑ ነው። ሐሙስ በእኛ ዘንድ ቺሲ ነው፤ መሬት የምታርፍበት ቀን። ያን ዕለት ዶማ ያነሣ ሰው ለባላባቱ ፍየል ይክሳል፤ ዝናብ ቢዘገይም የሚታማው እሱ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ሜዳው ላይ አንድም ሰው ሲያጡ፣ መንደሩን በሙሉ ከማሩላው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ አገኙት። «ዛሬ ለምንድነው የማትሠሩት?» ብለው ቢጠይቁ፣ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት አያታችን፣ አምቡያ ሙቻኔታ፣ «መሬቷ ደክሟታል ልጄ! አንተም ፊትህ ገርጥቷል፤ ና ቁጭ በልና ለውዝ ብላ» አሏቸው። ለውዙን በሉ፤ ተጨመረላቸው፤ የተጨመረውንም በሉ። ከዚያም ተመልሰው «መሬቱ ሥራ የፈታ፣ ሕዝቡም መቀመጥ የለመደ ነው» የሚል ሪፖርት ጻፉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ረቡዕ መጥተው ቢሆን ኖሮ እኛው ዶማ እናስይዛቸው ነበር።

ሁለተኛ፣ ሕዝቡን ስላማከሩ ከልብ አመሰግናለሁ። ምክክሩ የተካሄደው በመኪና መስኮት በኩል፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ከመንደሩ ሹም ከአቶ ግዋቲድዞ ጋር ነበር። «ሜዳው የማነው?» ተባሉ። «የራባቸው ሰዎች ነው» አሉ ሹሙ። «እነሱ የይዞታ ወረቀት አላቸው?» «ወረቀት ቢኖራቸውማ መች ይራባቸው ነበር?» መስኮቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ምክክሩም በመግባባት ተጠናቀቀ ተብሎ በሬዲዮ ሰማን።

ሦስተኛው የሥልጠናው ነገር ነው። አጥሩ በታጠረ በሳምንቱ በከተማው አዳራሽ ሰብስበው፣ በዶሮ ወጥና በታሸገ ውኃ እየተንከባከቡ፣ አንድ ማኅበረሰብ ድሆቹን እንዴት በጋራ መመገብ እንደሚችል አስተማሩን። ግድግዳው ላይ አርአያ የሚሆን ጎተራ በሥዕል አሳዩን። ጎተራው የእኛ ነበር፤ በሩ ላይ ያንጠለጠልኩት ቀይ ጨርቅ ሳይቀር ይታያል። ለቀባሪው አረዱት የተባለው ደረሰብን። እኔም እጄን አንሥቼ «ይህ ጎተራ አሁን በምን ይሞላል?» ብዬ ብጠይቅ፣ ጥያቄ የሚስተናገደው ከሻይ በኋላ ነው ተባልኩ። ከሻይ በኋላ አዳራሹ ተዘጋ።

ክቡርነትዎ፣ እስካሁን የቀለድኩ መስሎዎት ከሆነ አልቀለድኩም። ተናድጃለሁ፤ በጣም ተናድጃለሁ። ጎተራውን ስከፍት ወለሉ ይታየኛል። አምቡያ ሙቻኔታ አራት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ ወላጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ጆሃንስበርግ ተሻግረው ድምፃቸው ጠፍቷል። በዚህ ዝናብ ካልተዘራ ለእነዚያ ልጆች የምሰፍረው የለኝም፤ ባዶ ጎተራ ቁልፍ ይዤ ፊታቸው መቆም ደግሞ አልችልም።

ስለዚህ ዘራን። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ዘበኛዎ ሽንት ቤት እንደሄደ፣ መንደሩ ሁሉ ዶማውን ይዞ በበሩ ገባ። ዘበኛውን እባክዎ አይቆጡት፤ ሽንት ቤት ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሽላው በቅሏል። በሰሌዳዎ እግር ዙሪያ የበቀለው ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥላ ስለሰጡት እናመሰግናለን።

ትናንት ደግሞ ማስታወቂያዎ ደረሰን። ቡቃያውን ጠርጎ መሠረት የሚያወጣው ትራክተር የሚመጣው በመጪው ሐሙስ እንደሆነ፣ ሐሙስ የተመረጠውም «በዕለቱ ነዋሪው ሜዳው ላይ ስለማይገኝ» እንደሆነ ይገልጻል። እንግዲህ ቺሲን ተምረዋል ማለት ነው፤ ደስ ብሎኛል። ትምህርቱ ግን ጥቂት ይቀረዋል። ቺሲ መቆፈርን እንጂ መቀመጥን አይከለክልም፤ የት እንደምንቀመጥም አልደነገገም። መቀመጥ የለመድን ሰዎች መሆናችንን የጻፈው መሥሪያ ቤትዎ ነው። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሁላችንም፣ ሽማግሌውም፣ አራሷም፣ ልጆቹም፣ በማሽላው መስመሮች መካከል እንቀመጣለን፤ ትራክተሩ ተመልሶ እስኪሄድም አንነሣም።

እግሬ በጭቃ፣ ልቤ በአክብሮት እንደተሞላ፣ የክቡርነትዎ ሥራ ፈት አገልጋይ፣
ሬቫይ ቺሱንጎ
ከቺፔዛ መንደር፣ ከሽቦው ውስጥ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከሁላችንም ፊት፣ በሩ ላይ፣ በርጩማ ይዘው የሚቀመጡት አምቡያ ሙቻኔታ ናቸው። ወደ መንደራችን ከተዳሩ ብዙ ዘመን ስለሆነ ምናልባት ዘንግተዋቸው ይሆናል እንጂ፣ የአባትዎ እኅት ናቸው። የአባት እኅት እንደ አባት በምትከበርበት ወጋችን፣ በተቀመጠችበት ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም። የትራክተሩ ነጂ እንዳይስት መልካቸውን ይንገሩልኝ፤ ረስተውት ከሆነም አይጨነቁ፣ ቁርጥ እርስዎን ነው የሚመስሉት።