የንቫርድ ፍትሐት

ኖር ካርቤርድ፣ ግንቦት መጀመሪያ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ሚስትህና ልጆቹስ እንደምን አሉ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሐኪሙን እየሰደብክ ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቢከዳትም ምላሷ እንዳለ ነው። የጓሮው የአፕሪኮት ዛፍ በውርጭ ከመመታቱ በቀር ክፉ ነገር አላገኘንም።

በከተማችሁ የመታሰቢያ ሐውልት ምረቃ ላይ የምታደርገው ንግግር ደርሶኛል። ለእማዬ አነበብኩላት። «አክስቴ ንቫርድ፣ በአራት ዓመቷ የተገደለች» የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ስሟ ሐውልቱ ላይ እንደሚቀረጽ ስነግራት ጭራሽ ምሳዋን ተወችው። እባክህ፣ ድንጋይ ቀራጩ መዶሻውን ያስቀምጥ። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

በእልቂቱ መቶኛ ዓመት ዋዜማ፣ የተጨፈጨፉት ወገኖቻችን በሙሉ በቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳን ተብለው መሰየማቸውን ሰምተሃል። ደወሉ ሁሉ ሲደወል እማዬም እንደ ሰው አልቅሳለች። በነጋታው እንደ ልማዷ ለንቫርድ ፍትሐት ልታስደርግ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አያታችን ስትሞት አደራ ያለቻት ነገር ስለሆነ፣ ጸሎት በሚያስከስስበት በቀድሞው መንግሥት ጊዜ እንኳ መጋረጃ ዘግታ ሻማ ታበራላት ነበር። እኔም በዚያች ልጅ ስም ስለተሰየምኩ፣ የራሴን ስም በየዓመቱ ከሙታን ጋር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «ነፍስሽን ይማርና ጨው አቀብዪኝ» እያልክ ስታበሽቀኝ የነበረው አይረሳኝም።

ወጣቱ ቄስ በትሕትና፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ ለእነሱ ፍትሐት የለም። ሰማዕታት ናቸው፤ እነሱ ናቸው ለእኛ የሚለምኑልን» አላት።

እህቷ ቅድስት ስለሆነችላት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ምርኩዟን ስታገላብጥ ቆየችና፣ በሐሰት ቅድስት ላደርጋት አልችልም አለች። ከዚያ በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ለእኔም ለቄሱም ነገረችን።

አያታችን ለልጅ ዳቦ በእጇ ሰጥታ እንደማታውቅ ታስታውሳለህ? ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «አንሡ» ትለንና ፊቷን ታዞር ነበር። እማዬም ከእሷ ወርሳው ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ናት። አንተ የስስት ነው እያልክ ትስቅ ነበር። ለካ በእልቂቱ ጊዜ ወታደሮቹ ወደ በረሃ ሲነዷቸው፣ አንድ መንደር ዳር ውሃ የምትቀዳ የኩርድ ሴት፣ «ልጅቷን ለእኔ ስጪኝ» ብላታለች። አያታችን የቀረቻትን ቁራሽ ዳቦ ለንቫርድ አስጨበጠቻትና ሄደች። ልጅቷ ዳቦውን እየበላች ስለነበር አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲያ ትኑር ትሙት የሰማ የለም። አያታችን ግን ሰጠኋት ብላ ማውራት ስላቃታት፣ ለጠየቃት ሁሉ ሞታለች አለች። እውነቱን ልትሞት ስትል ለእማዬ ብቻ ነገረቻት።

ሳልደብቅህ፣ መጀመሪያ አያታችን ላይ ተናደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞቷ ያልታወቀ ሰው ፍትሐት ተሸክሜ መዞሬ አበሳጨኝ። ዳቦውን ሳስብ ግን ንዴቴ ጠፋና አለቀስኩ።

የምትለውን አውቀዋለሁ። እኛ ይህን ካወራን፣ «እልቂት አልነበረም» ለሚሉት መሣሪያ ማቀበል ነው ትላለህ። ይህንኑ ለእማዬ አልኳት። ቆጣ ብላ መለሰችልኝ፤ «ልጅን ከእናቷ እጅ ያስጣለ፣ ስሟንና ቋንቋዋን ያስረሳ ነገር ሌላ ምን ሊባል ነው? እውነቱ ያንሳል ብሎ ማን ነገረው? እንደሆነው ይናገር በዪው።»

ቄሱ ደግሞ ምን ላድርግልዎ ብሎ ቢጠይቃት፣ ስሟን ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ አለችው። እሱም ፈራ ተባ እያለ፣ ብትኖር እንኳ መቶ ዓመት እንዳለፋት፣ ሃይማኖቷም ስሟም ተለውጦ ሊሆን እንደሚችል ነገራት። «እኔ ዕድሜዋን መች ጠየቅሁዎ፣ አባቴ?» አለችው። «እናቷ ባወጣችላት ስም ይጥሩልኝ።» እሱም የበላዮቹን ጠይቆ እስከ እሑድ እንደሚያሳውቃት ቃል ገባላት።

ትናንት እሑድ ለሕመምተኞችና ለመንገደኞች ሲጸልይ፣ በመጨረሻ «ንቫርድ» አለ። ጎረቤቶቻችን የታመምኩ መስሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። እማዬ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ስሜን እዚያ ቤተ ክርስቲያን ከሕያዋን ጋር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤት ገብተን ምሳ አቀረብኩ። እማዬ ላቫሽ ቂጣውን ቆረሰችና እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጠው ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ አስጨበጠችኝ። ፊቷንም አላዞረችም።

እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ፤ ወገብህን ያጽናልህ፤ ልጆችህን በሰላም ያሳድግልህ። እነሱንም ከእኔ ሳምልኝ፤ ዳቦም ስትሰጣቸው በእጅህ ስጣቸው።

ዘንድሮ ፍትሐት የቀረላት
እህትህ