ተራው የደረሰ ሰው

ማክሰኞ፣ መስከረም 8

ምሳ ከገበያው ፎቅ ላይ። ጨጓራ በወተትና በሽንኩርት፣ ከጎኑ የደም ቋሊማ። ወተቱ ቀጥኗል። ባለፈው መጋቢት ከበላሁት ጋር ላነጻጽር ማስታወሻዬን ፈለግሁ... ለካ ኮርማክ ሄፈርናን ጋር ነው። ለጋዜጣ ዓምዱ የመክፈቻ ሰዓቶችን ላመሳክር ብሎ ከወሰደው አምስት ወር ሆነው። እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት እንኳ ከሦስት ሳምንት በላይ አያውስም።

የሦስት ዓመት ሥራ። በከተማችን በኮርክ የት እንደሚበላና የት እንደሚጠጣ፣ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቤት። ሦስት ጊዜ ሳልሄድ ስለ አንዱም አልጻፍኩም። አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናል። አንድ መቶ አሥራ ሦስተኛው ግን ለራሴ ነው።

ነገ እጠይቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 10

ኖኒ ቤት። በመጠጥ ቤቷ የጎን በር ገባሁ። ከበር ማንኳኳቴ ታውቀኛለች፤ ስገባ ጥቁር ቢራዬ ተቀድቶ እየረጋ ነበር። ቢራው ከአረፋው እስኪለይ ማንም ብርጭቆውን አይነካም።

ሐሙስ ሐሙስ ከጓዳ የተቀቀለ የአሳማ እግር ይወጣል። ለስድስት ሰው ብቻ። ምልክት የለ፣ ዋጋ የተለጠፈበት ሰሌዳ የለ። ክሪስቲ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር የሚበላው በዚህ ቀን ብቻ ነው። ወደብ ላይ አርባ ዓመት ዕቃ ያወረደ እጅ አጥንት ሲግጥ ማየት...

ፊንባር፣ ፖስተኛው፦ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደብተርሽ የት ሄደ?»

«ሰው ተውሶታል።»

«እሰይ። ቢያንስ አንድ ቀን ሳንጻፍ እንብላ።»

ኖኒ ሳቀች። ከሁለት ዓመት በፊት «ይህ ቤት አይጻፍም» ብላኝ ነበር፤ እሺ ብያለሁ። ከዚያም ጻፍኩት። ለኅትመት አይደለም... ለራሴ ብቻ። ልዩነቱ ያን ጊዜ ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ መስከረም 23

መጽሐፍ መሸጫው መስኮት ላይ። «በኮርክ መብላትና መጠጣት»፣ በኮርማክ ሄፈርናን።

ቆሜ አነበብኩ። አንድ መቶ አሥራ ሦስት ቤት። ነጠላ ሰረዞቼን እንኳ አልቀየረም።

ገጽ 61፦ የኖኒ ቤት። የጎኑ በር፣ ሐሙስ፣ ሁሉም።

ሐሙስ፣ መስከረም 24

ከጎኑ በር ፊት ሰልፍ ነበር። ካሜራ ያንጠለጠሉ፣ መጽሐፉን የያዙ። በሩ ላይ በኖኒ እጅ የተጻፈ ወረቀት፦ «ምግብ የለም።» ክሪስቲ ጥግ ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ባዶ ጠረጴዛ።

ኖኒ አየችኝ። ብርጭቆ አላነሳችም።

«ምን ልስጥሽ?» አለችኝ።

እንደ እንግዳ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም።

«ነገርሽው» አለች።

«አልነገርኩትም።»

ቃል በቃል እውነት ነው። በቃል አልነገርኩትም። ቤቴ ደርሼ ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ መረመርኩት፤ እንከን አላገኘሁበትም። ለምን ታዲያ አስጠላኝ?

ሰኞ፣ መስከረም 28

አሳታሚው መለሰ። መጽሐፉን እጄ ላይ ከቀሩ ረቂቆቼ ጋር በአሥራ አራት ገጽ፣ ዓረፍተ ነገር ለዓረፍተ ነገር አስተያይቼ ለላክሁት የሁለት መስመር መልስ። «የምግብ ቤቶች ዝርዝር የማንም ንብረት አይደለም።»

ኮርማክን ጋዜጣው በር ላይ ጠበቅሁት።

«ዴርቭላዬ፣ ምን ያስቆጣሻል? ቤቶቹ የሁሉም ናቸው።»

«ዓረፍተ ነገሮቹስ?»

«የምስጋናውን ገጽ አላየሽም? "ለወዳጆቼ ሁሉ" ይላል። አንቺም አለሽበት።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ያ የመታኝ ቦታ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ይቅር አልልም። ይቅር ማለት ትልቅነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትልቅ መሆን ግን አልፈልግም። እንዲዋረድ እፈልጋለሁ፤ ሰው ፊት፣ በስሙ፣ በዚህ ከተማ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 1

ኖኒ ቤት አልሄድኩም። የድሮ የቀን መዝገቦቼን አገላበጥኩ። ከኮርማክ ጋር አሥራ አንድ ጊዜ ጠጥቻለሁ፣ ሁልጊዜ ከተለያዩ ሰዎች ጋር። አሥራ አንዱንም ጊዜ ለሁላችንም የሚጋብዝበት ተራ ሲደርስ ስልኩ ጠርቶ ወጥቷል።

አሥራ አንድ ጊዜ።

እንዴት እስከ ዛሬ አልደመርኩትም?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

ለራሴ ሕግ አወጣሁ። አልዋሽም። ማንንም አላስጠነቅቅም። ስልኩን አልነካም። ሰውየውንና ተራውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኛለሁ፤ የቀረውን እሱ ይሠራዋል።

ደወልኩለት። «ክሪስቲም ፊንባርም መጽሐፉን የጻፈውን ሰው ሐሙስ ኖኒ ቤት ማየት ይፈልጋሉ።» እውነት ነው፤ ፊንባር መንገድ ላይ አግኝቶኝ «በእኔና በክሪስቲ እጅ ይግባ እንጂ» ብሏል።

«የእኔ አንባቢዎች» አለ ኮርማክ። «እመጣለሁ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

የሆነውን ልጻፍ። በቅደም ተከተል።

አሥራ አንድ ሰዓት። አራት ነበርን፦ ክሪስቲ፣ ፊንባር፣ እኔ፣ እሱ። የእሱ ተራ መጨረሻ ላይ እንዲሆን አድርጌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያን አልክድም።

ኖኒ መጣች። «በሬን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«በፍቅር ነው የጻፍኩት፣ እመቤቴ።»

«ክሪስቲ ሦስት ሐሙስ ጾሙን አድሯል፣ በፍቅርህ።»

ሳቀ። መጽሐፉን አውጥቶ ፈረመላት፣ ጠረጴዛው ላይ ተወው። ክሪስቲ ጋበዘ። ቢራው እስኪረጋ ጠበቅን፣ ጠጣን። ፊንባር ጋበዘ። እኔ ጋበዝኩ። ኮርማክ ስለ ከተማው ነፍስ ያወራል። የእኔን ቃላት፣ ለእኔ።

አራት ብርጭቆ ባዶ ሆነ። ኖኒ የቢራው ቧንቧ ጋ ቆማ ጠበቀች።

ኮርማክ ኪሱን ዳበሰ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። «ይቅርታ ወንድሞች፣ ዋና አዘጋጁ ነው።» በጎኑ በር ወጣ። የስልኩ ስክሪን ጨለማ ነበር።

አምስት ደቂቃ። አሥር። ፊንባር ተነሥቶ መንገዱን አየና ተመለሰ።

«ታክሲ ይዟል።»

ክሪስቲ መጽሐፉን ገለጠ። መነጽሩን አደረገ፣ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «በዚህ ከተማ ለሰው ብዙ ነገር ይቅር ይባላል። ተራው ደርሶ የሚወጣ ግን ኮቱን ትቶ ቢወጣ ይሻለዋል፤ ኮቱን እንጠብቀዋለን፣ እሱን አንጠብቀውም።»

መጽሐፉን ዘጋ።

«ይህን እሱ አልጻፈውም» አለች ኖኒ።

ፊንባር፦ «ስሙ አለበት እኮ።»

«ይህን የጻፈ ሰው አይወጣም።»

የእኔ አሥራ አራት ገጽ ያልቻለውን ኖኒ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ከዚያ እኔን አየች። ሁሉም አዩኝ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። አዎ ማለት ብቻ ነበረብኝ። ነገር ግን አንዱን ገጽ የእኔ ብዬ ሌላውን የእኔ አይደለም ማለት...

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ገጽ 61ንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። አይጻፍም ብለውኝ ጻፍኩ። እሱ የሰረቀው እኔ ስለጻፍኩት ነው። ባለፈው የመለስኩልዎት መልስ መሸሻ ነበር።»

ክሪስቲ መነጽሩን አወለቀ። ኖኒ አራቱን ባዶ ብርጭቆ አንድ በአንድ አነሣች።

«ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለች።

ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ግን በኮርማክ ተራ አራት ብርጭቆ አዘዝኩ። የእኔን አልጠጣሁትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ፊንባር በቀን ስድስት መቶ በር ያንኳኳል። ገበያው ውስጥ ሥጋ ሻጩ ሳልጠይቀው፦ «ሄፈርናን ከተራው ሸሸ አሉ። ስለ ተራ የጻፈው ሰውዬ እኮ ነው።»

«ሰማሁ» አልኩ።

ቋሊማዬን ሲጠቀልል ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ አልሳቅሁም። ቤቴ እስክደርስ ድረስ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

የመጽሐፉ ምረቃ። ከኋላ ረድፍ ተቀመጥኩ። ኮርማክ ማንበብ ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ረጋ ብሎ፦ «ኮርማክ፣ ስልክህ ጠራ።» አዳራሹ ፈነዳ። ፊቱ ቀላ፣ ቀጠለ። ከሌላ ጥግ እውነተኛ ስልክ ጠራ። ከዚያ ሌላ። ምግብ ቤት በገባ ቁጥር እንዲህ ያደርጉታል አሉ።

ስርቆቱን ማንም አላነሣም። ለእነሱ ሌባ አይደለም፤ ከዚያ የባሰ ነው።

ደስ አለኝ። ደስታው ጥሩ ሰው እንደማያደርገኝ አውቃለሁ። አሁንም ደስ ይለኛል።

የኖኒ በር ግን... ሌሊቱን ያሰብኩት ስለ ኮርማክ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ኮርማክ ማስታወሻዬን በፖስታ ላከ። ደብዳቤ የለውም። ያመጣው ፊንባር ነው። የኖኒን ቤት የጻፍኩበትን የመጨረሻውን ገጽ ቀድጄ በፖስታ ከተትኩና እዚያው ሰጠሁት።

«ለማን?»

«ለኖኒ።»

«ምን ልበላት?»

«ምንም።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሰልፈኛው አልቋል፤ ምግብ በሌለበት ማን ይሰለፋል? የጎኑን በር አንኳኳሁ። ክሪስቲ ከፈተ። እጁ ቅባት ነበረው።

ምድጃው ይነድዳል። የቀደድኩት ገጽ ከማገዶው አጠገብ ነበር። ኖኒ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት።

ምን ልስጥሽ አላለችኝም። ብርጭቆዬ ባንኮኒው ላይ እየረጋ ነበር።

ስድስት ነበርን። ተራዬ ሦስተኛ ነበር።

ምን እንደበላሁ አልጽፍም።