ለሕንፃችን አስተዳደር፦ ስለ ደብዳቤ አምጪው ፕሮግራም ቅንብርና ስለታወቁ ጉድለቶቹ

ጉርድ ሾላ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
የጠዋቱ ሽያጭ፦ ሁለት የበር ቁልፍ፣ አንድ የመጋረጃ ዘንግ። የደረሰን ደብዳቤ፦ የለም።

ለተከበሩ የሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ የምድር ቤቱ ነጋዴዎች ከልብስ ሰፊዋ ከእትዬ ፈለቀች በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ ወደ እሳቸው ጉዳይም እመጣለሁ።

ማስታወቂያ በወረቀት መለጠፍ ኋላ ቀርነት ነው ብለው፣ ለሁላችንም አንድ የኢሜይል አድራሻ አስከፍተው፣ ደብዳቤ የሚያመጣውን ፕሮግራም በየሱቃችን ኮምፒውተር ላይ ስላስጫኑልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ሥራ በዝቶብዎ መመሪያውን ሳይሰጡን ስለቀሩ ግን፣ ከዕለት ማስታወሻዬ ለቅሜ እኔው አዘጋጅቼልዎታለሁ።

ቅንብር። አድራሻው አንድ ነው። የይለፍ ቃሉም አንድ ነው፤ ዘበኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ሲከፈት ደብዳቤውን ያመጣል፣ ካመጣም በኋላ ዋናውን ከጋራ አድራሻችን ያጠፋል። ማጥፋቱን የሚያስቀር ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ፕሮግራሙ ላይ አለ፤ እንዳንነካው ቢሮዎ ቆልፎታል።

የታወቁ ጉድለቶች።

፩. ደብዳቤ የሚደርሰው ቀድሞ ሱቁን ለከፈተ ሰው ብቻ ነው። ጫማ ሻጩ አቶ ሀሩን ከሱብሂ ሶላት በቀጥታ ወደ ሱቃቸው ስለሚመጡ የሁላችንም ደብዳቤ እሳቸው ጋ ሲወርድ፣ እሳቸውም እያተሙ በየሱቁ ሲያድሉ ከርመዋል፤ ጎረቤቱም «ፖስታ ቤት» ይላቸዋል። ፕሮግራሙ በትክክል የሚሠራው አቶ ሀሩን ሲኖሩ ነው፤ ለእሳቸው ግን ማመስገን ያለብን ወላጆቻቸውን ይመስለኛል።

፪. አቶ ሀሩን ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ቡታጅራ በከረሙበት ሳምንት ቀድሞ ሲከፈት የነበረው ጁስ ቤቱ ነው። የጁስ ቤቱ ኮምፒውተር የተገዛው ለዘፈን ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ሊና የመጣውን ሁሉ የእኛ አይደለም ብላ እንደሰረዘችው ስጠይቃት ሳትደብቅ ነግራኛለች። አልፈርድባትም፤ በእውነትም የእሷ አልነበረም።

፫. ከተሰረዙት አንዱ የእትዬ ፈለቀች የኪራይ ውል ማደሻ ጥሪ ነበር፤ ቀኑም አለፈ። ቢሮዎ ድረስ መጥተው ሲጠይቁ ጸሐፊዎ «እማማ፣ ደርሷል ይላል እኮ» አለቻቸው። ደብዳቤው ለማን እንደደረሰ ፕሮግራሙ አይለይም፤ በዚህ በኩል ከቢሮዎ ጋር ይመሳሰላል። ሱቃቸው ሰኞ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነግሯቸዋል። የሦስት ሙሽሮች ቀሚስ በጅምር ይዘው፣ የስፌት መኪናቸውን ወዴት እንደሚያወጡት አያውቁም።

የምንለምንዎ ሁለት ነገር ነው፦ የቆለፉትን እንዲከፍቱልንና የእትዬ ፈለቀችን ውል እንዲያድሱ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀድማል።

ወረቀት አልባውን ዘመን በወረቀት በማስቸገሬ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

ውባንቺ ገሰሰ
የቁልፍና የመጋረጃ ዕቃ መሸጫ፣ ምድር ቤት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የለጠፍኩት ሊፍቱ በር ላይ ነው፤ በዚህ ሕንፃ ሳይከፈት የሚከርም በር እሱ ብቻ ስለሆነ ማንም እንደማይቀድደው እርግጠኛ ነኝ። ነገ ጠዋት ከእትዬ ፈለቀች ጋር የቆየውን ውል ይዘን ሲኤምሲ ጠበቃ ዘንድ እንሄዳለን።